ወያላው ኮሎምበስ ገባ!

 

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጉዞ ነው። አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ፤ የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ጨዋታ ያለበት ቅዳሜና እሁድ። አብሮኝ የከረመው ደግሞ ጣት የሚያህል የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው። አትሳቁ፣ ቁም ነገር አለው!

በቅድሚያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችሁ የሚልክላችሁን ፎቶግራፍ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መኪና ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እግሩን አጣምሮ... እስቲ ከዚያ ፎቶ ውስጥ ሰውየውን አውጡት። ምን ይቀራል? ባለቤቱ የማይታወቅ መኪናና አንድ ክንድ ሰማይ! የሚተኛበት፣ የሚበላበት፣ ለፍቶ የሚያድርበት ቦታ የለበትም። እሱ አያሳየን፣ እኛ አንጠይቀው፤ በዚሁ ዓመታት ይነጉዳሉ።

የሰባት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ግን ጠየቀች።

አባቷ ኮሎምበስ ከገባ አምስት ዓመት ሆነው። ሲሄድ ሁለት ዓመቷ ነበር። ፕሮሰሱ ተጀምሯል፣ ወረቀቱ ገብቷል፣ ተራ ይጠበቃል። በጥቅምት ለሦስት ሳምንት ልጠይቀው ስሄድ (ቪዛውን እንዴት አገኘኸው ለምትሉኝ፣ እሱ ራሱን የቻለ አምድ ይፈልጋል) የጉዞዬ ዋዜማ ማታ መጥታ መዳፌ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠችልኝ።

«ይሄ ወያላዬ ነው። አባዬ የሚተኛበትን፣ የሚበላበትን፣ የሚሠራበትን ይይልኝ። ፎቶ አንሳው። አንተን አይደለም፣ እሱን!»

ወያላው ከመርካቶ ከተገዙ የተቀላቀሉ አሻንጉሊቶች መሀል የተገኘ ነው። ሲፈጠር ትራፊክ ፖሊስ ይሁን ወታደር አይታወቅም፤ ቀለሙ ለቋል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተነስቷል። እሷ ይህንን እጅ አየችና የሰማያዊና ነጭ ሚኒባሷ በር ላይ አቆመችው፤ ከዚያ ወዲህ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል ነው የኖረው። ሚኒባሱ ጎማው ወልቆ ተጣለ። ወያላው ያለ ታክሲ ቀረ። ሥራ ፈት ወያላ እንግዲህ ምን ያደርጋል? አሜሪካ ይሄዳላ!

አሻንጉሊት ይዞ መዞር በእኛ አልተጀመረም

ነገሩን ሳጣራ ብዙ ቀዳሚዎች እንዳሉን አወቅኩ። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጄፍ ብራውን የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ ስታንሊ ስለሚባል ልጅ የልጆች መጽሐፍ አሳተመ። ስታንሊ በተኛበት ሰሌዳ ይወድቅበትና እንደ ወረቀት ይሳሳል። ጉዳት ነው ሲባል ጥቅም ሆነ፦ ቤተሰቡ በፖስታ አሽጎ ወደ ሩቅ ወዳጁ ይልከዋል። በ1995 ደግሞ አንድ የካናዳ መምህር ሐሳቡን ወደ ክፍል አስገባው። ተማሪዎቹ የወረቀት ስታንሊ ቆርጠው ሩቅ ላለ ሰው ይልካሉ፤ ተቀባዩም አገሩን አዙሮ ያሳየውና የት የት እንደዋለ ጽፎ ይመልሰዋል። ይህ ነገር ከካናዳ አልፎ ብዙ አገር ደርሷል።

በ2001 የወጣውን «አሜሊ» የተሰኘ የፈረንሳይ ፊልም ያያችሁም ትኖራላችሁ። ከቤቱ ንቅንቅ የማይል አባት አለ። ልጁ ከአትክልት ቦታው የድንክ ሐውልት ትሰርቅና ለአንዲት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ትሰጣታለች። አባትየው ከየአገሩ የድንኩ ፎቶ ይደርሰዋል። በመጨረሻ ራሱ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል።

ልብ በሉ፣ በሁለቱም ታሪክ አሻንጉሊቱ ወይም ድንኩ የሚዞረው ቀሪ ለሆነ ሰው ነው። ዓይን ይዋሰኛል ማለት ነው። የእኛም ወያላ እንደዚያው።

ወያላው ሥራ ጀመረ

ኒውዮርክን በፊልም ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሎምበስን ማን ያውቃል? ባሕር የለው፣ ተራራ የለው፤ መሬቱ ሜዳ ነው። ግን የኦሃዮ ዋና ከተማ ነው፣ ከ900,000 በላይ ሰው ይኖርበታል። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ በአሜሪካ በብዛት የሚኖሩት እዚህ ነው። የእኛም ሰው አለ፤ እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ ወሬውም ይገኛል። የጭነት መጋዘን በሽ በሽ ነው፤ ወንድሜም በሌሊት ተራ ከእነዚያ በአንዱ ካርቶን ያነሳል።

ወያላው ሐሙስ ዕለት ሥራውን ጀመረ። ፎቶ አንድ፦ ወያላው ትራስ ላይ። ወንድሜ «ፍራሹ መሬት ላይ መሆኑ እንዳይታይ» አለኝ፤ ስልኩን አስጠግቼ ትራሱን ብቻ አነሳሁ። ፎቶ ሁለት፦ ወያላው የሽሮ ድስት አጠገብ። ፎቶ ሦስት፦ ወያላው ሳንቲም እየበላ በሚያጥበው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ። ፎቶ አራት፦ ወያላው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ እጁን አንስቶ፣ ማንንም ሳይጠራ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ትራሱ ሰማያዊ ነው!» አለች በድምፅ መልእክት። «ድስቱ እኛ ቤት ያለውን ይመስላል! አባዬ ብቻውን ነው የሚበላው?» ወንድሜ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሰማው። ምንም አላለም። አምስት ዓመት ሙሉ የትራሱን ቀለም የጠየቀው ሰው አልነበረማ።

ቀይ ያልለበሰ የለም

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከተማዋ ቀለሟን ቀየረች። ሕፃን በጋሪ፣ አሮጊት በምርኩዝ፣ ውሻ ሳይቀር ቀይ ለበሰ። ደማቅ ቀይና ግራጫ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቀለሞች ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1870 የተመሠረተ፣ ከ60,000 በላይ ተማሪ ያለው ግዙፍ ተቋም ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የመጀመሪያው የኮሌጅ ውሎዬ በፉትቦል ሆነ።

ፉትቦል ሲሉ የኛን እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ! እንቁላል የመሰለች ኳስ ይዞ፣ የራስ ቁር ደፍቶ እየተላተሙ መሮጥ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ይገጥማሉ። ኳሱን የያዘው ወገን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራቱ ሙከራ 10 ያርድ ከተጓዘ አራት ሌላ ይጨመርለታል፣ ካልተጓዘ ኳሱን ያስረክባል። ከመስመሩ ማዶ ኳሱን ያደረሰ 6 ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው በሰዓት 60 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ግን በየደቂቃው እየቆመ ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለኛ ለቸኳዮቹ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ድሮ በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር። ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ከማስታወቂያና ከመሳሰለው እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው እንዲከፍሏቸው በሩ ተከፈተ።

ቡድኑ «በካይስ» ይባላል። በካይ በዚያ አገር የሚበቅል ዛፍ ፍሬ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ፈዘዝ ያለ ክብ ነጥብ አለበት፣ የአጋዘን ዓይን ይመስላል። ፍሬው መርዛም ስለሆነ አይበላም፣ ለገድ ኪስ ውስጥ ይያዛል። የሚበላው የሱን መልክ ይዞ የሚሠራው ከረሜላ ነው፦ የለውዝ ቅቤ በቸኮሌት ተነክሮ። እንግዲህ ወያላው ከዚህ ሁሉ ቀይ መሀል ቀለሙ የለቀቀ ብቸኛው ፍጡር ነበር።

ማለዳ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ

እዚህ ላይ አንድ ምስጢር ላውጣ። (ወንድሜ ፈቅዶልኝ ነው።) ቤት ውስጥ «ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒቨርሲቲው ጋ እሠራለሁ» ብሎ ነው የነገራቸው። እናታችን ጎረቤት ሁሉ ቤት ቡና ላይ «ልጄ እኮ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራው» ትላለች። ሰው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የሚያያይዘው ወንበርና ጠረጴዛ ነው። እውነቱ ግን ወንድሜ ጨዋታ ባለ ቁጥር ከስታዲየሙ አቅራቢያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪና ያስተናግዳል። ውሸት አልተናገረም፤ ግን እውነቱንም አልጨረሰውም።

ጨዋታው ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሥራ ገባ፤ እኔና ወያላው ተከተልነው። ብርዱ አይጣል ነው! አንጸባራቂ ሰደርያውን ደርቦ፣ የሚያበራ ቀይ ዘንግ ይዞ፣ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ መኪና ይጠራል። «ና! ና! ወደዚህ! ቁም!» በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ዜማው የመገናኛ ነው።

ወያላውን ከፊት ለፊቱ ኮንክሪት ላይ አቆምኩትና ተኝቼ አነጣጠርኩ። በስልኩ መስታወት ውስጥ ሁለት ሰው ይታየኛል፦ ከፊት ትንሹ፣ ከኋላ ትልቁ፤ ሁለቱም ቀኝ እጃቸውን አንስተዋል።

«እኔን አውጣኝ» አለ ወንድሜ።

«ልጅቷ ያለችው የሚሠራበትን ነው።»

ትንሽ አሰበ። «እሺ አንሳ። እንዳትልክ ግን።»

አነሳሁ። አልላክሁም።

ፀሐይ ስትወጣ ቦታው ድግስ ቤት ሆነ። ሰዉ የመኪናውን የኋላ በር ይከፍታል፣ ምድጃ ያወጣል፣ ቋሊማና ሥጋ ይጠብሳል፣ ታጣፊ ወንበር ይዘረጋል። ቴሌቪዥን የተከለም አለ። ቀዳዳ ባለው ሳንቃ ላይ ትንንሽ ከረጢት እየወረወሩ ይጫወታሉ። ቴይልጌት ይሉታል። ትኬት ሳይኖረው ለዚህ ብቻ የሚመጣም ሞልቷል። የጃንሜዳን የጥምቀት ማለዳ አስቡት፤ ሰዉ ቤቱን ይዞ የወጣ ነው የሚመስለው።

አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚያቆሙት። ወንድሜ ለአራት ዓመት «ደህና አደራችሁ»፣ «ደህና አደርክ» ተባብሏቸዋል፤ ከዚያ ያለፈ ወሬ የለም። ሴትየዋ እኔ መሬት ላይ ተጋድሜ የፕላስቲክ ሰውዬ ፎቶ ሳነሳ አየችና መጣች። «ማነው ይሄ?» አለች።

እኔ ሳልመልስ ወንድሜ ቀደመኝ። «የልጄ ነው።»

«ልጅ አለህ?!»

በቃ! ምን አለፋችሁ፣ አራት ዓመት የተዘጋ በር በጣት በምታህል ፕላስቲክ ተከፈተ። ስንት ዓመቷ ነው? የት ናት? መቼ ትመጣለች? ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዋን አሳየ። ሽማግሌው ወንበሩን ለቀቀለት። ሴትየዋ ከኪሷ የበካይ ፍሬ አውጥታ ወያላው እግር ሥር አስቀመጠች፤ «ገድ ነው» አለች፣ «አብራችሁ አንሱት»። ቋሊማ ቀረበ፣ ከረሜላው ቀረበ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ተያዩ። የልጅ ልጃቸው ታማ ወንድ ልጃቸው ቀርቶ ኖሮ ሁለት ትኬት ትርፍ አላቸው። ሽማግሌው ስልኩን ነካ ነካ አደረገና ትኬቶቹን ወደ ወንድሜ ስልክ ላካቸው።

ወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ስታዲየም ጩኸት ከውጭ ሰምቷል። ረጅም ጩኸት ከሆነ ባለሜዳው አገባ፤ ድንገት ጭጭ ካለ እንግዳው አገባ። ውጤቱን በጆሮው ነው የሚያውቀው። ውስጡን አይቶት አያውቅም። «መኪናው ሁሉ ከገባ በኋላ እስኪወጡ ድረስ ሥራ የለም» አለ፤ «አለቃዬን ላስፈቅድና እመጣለሁ። እናንተ ቅደሙ።» እናንተ ያለው እኔንና ወያላውን ነው።

ኦ! ኤች! አይ! ኦ!

ወደ ስታዲየሙ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዱ «ኦ-ኤች!» ብሎ ሲጮህ ማንም ይሁን ማን «አይ-ኦ!» ብሎ ይመልሳል። በእጃቸውም ይጽፉታል። አራት ሰው ይደረደርና እያንዳንዱ በክንዱ አንድ ፊደል ይሠራል፦ ኦ ክብ ነው፣ ኤች ሁለት ቋሚ፣ አይ ወደ ላይ ቀጥ ማለት፣ ከዚያ ኦ። ሦስት ተማሪዎች ፎቶ ሊነሱ ቆመው አንድ ሰው ጎደላቸው። አይ የሚሆን ጠፋ። ወያላውን አወጣሁት። እጁ እንደሆነ ሲፈጠር ጀምሮ ወደ ላይ ነው! ሳቃቸው ሊያቆም ነው? አንደኛዋ በመዳፏ ከፍ አድርጋ በሦስተኛው ቦታ ያዘችው፤ ኦሃዮ ሙሉ ሆነ። ፎቶውን ላክሁ። አዲስ አበባ ላይ ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። «ወያላው አይ የሆነው እምቢ ብሎ ነው?» ብላ ጠየቀች። ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አይ እምቢታ መሆኑን የኦሃዮ ሰዎች የት ያውቃሉ!

ከስታዲየሙ ፊት ለፊት በጄሲ ኦወንስ ስም የተሰየመ አደባባይ አለ። ጄሲ ኦወንስ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር። በ1935 ሚሺጋን ውስጥ በተደረገ ውድድር በ45 ደቂቃ ውስጥ ሦስት የዓለም ሪከርድ ሰብሮ አንዱን ተስተካከለ፤ በ1936 በርሊን ላይ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ይህን ሁሉ ያደረገው ጥቁር በመሆኑ በዩኒቨርሲቲው ግቢ መኝታ ቤት ማደር ሳይፈቀድለት ነው። ወያላውን እዚያ አነሳሁና ከሥሩ ጻፍኩላት፦ «ይሄ ሰውዬ ሮጦ ዓለምን አሸነፈ። ግን እዚህ ግቢ ማደር አይፈቀድለትም ነበር።»

መልሷ አጭር ነው። «ታዲያ የት አደረ?»

እስቲ ይህን ጥያቄ ስንት አዋቂ ይጠይቃል? «ወጣ ብሎ፣ ሰው ቤት» አልኳት። «እንደ አባዬ» አለች።

ከ100,000 ሰው መሀል

በሩ ላይ የሚፈቀደው ውስጡ የሚታይ ቦርሳ ነው። ሴትየዋ ባዋሰችኝ ግልጽ የፕላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ወያላው ቆሞ ዓለምን እያየ ገባ። ፈታሹ ቦርሳውን አነሳ፣ አየው፣ ኮስተር አለ። «ይሄኛው ትኬት አለው?» ደነገጥኩ። ከዚያ ፈገግ ብሎ አሳለፈን።

ስታዲየሙ በ1922 ተከፈተ። ቅርጹ የፈረስ ኮቴ ብረት ስለሚመስል «ሆርስሹ» ይሉታል። 102,780 ሰው ይይዛል። ታላቁ ሩጫን የሚሮጠውን ሕዝብ ሁሉ ሰብስባችሁ፣ ያንኑ እጥፍ አድርጋችሁ፣ ከዚያ አስቀምጣችሁ አስጩኹት! ጩኸቱ በጆሮ ብቻ አይሰማም፣ በደረት ይገባል።

ወንድሜ ሁለተኛው ሩብ ሲጋመስ መጣ። ሰደርያውን አውልቆ ጃኬቱ ሥር ሸጉጦታል። ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው በእጁ ጠራው፤ አልሰማም። ኋላ መጥቶ ሲቀመጥ «ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ፊቱን ገና ዛሬ አየሁት» አለኝ።

በእረፍቱ ሰዓት የማርሽ ባንዱ ገባ። ዋሽንት የለ፣ ክላርኔት የለ፤ የነሐስ ጡሩንባና ከበሮ ብቻ ነው። ከ1936 ጀምሮ የሚያደርጉት ነገር አለ። እየነፉ፣ አንዱ አንዱን እየተከተለ፣ መሬቱ ላይ «ኦሃዮ» ብለው በእንግሊዝኛ የእጅ ጽሕፈት ይጽፋሉ፤ በሰው! ቃሉ ሲያልቅ አንድ ይጎድላል፦ የአይ ነጥብ። ሶሳፎን የሚባለውን ሰውነት ላይ የሚጠመጠም ግዙፍ ጡሩንባ የያዘ አንድ ተማሪ እግሩን እያነሳ፣ እየተንጎራደደ ይሄድና ነጥቡ ቦታ ላይ ይቆማል። ባርኔጣውን አውልቆ ወዲያና ወዲህ እጅ ይነሳል። ለዚህ ለአንድ ቅጽበት ዓመታት የሚለፉ አሉ። ጠፈርተኛው ጆን ግሌንም ለክብር ነጥብ ከሆኑት ጥቂት እንግዶች አንዱ ነው።

ሴትየዋ ወያላውን ከእጄ ወስዳ ጉልበቷ ላይ አቆመችው፤ «ይየው» አለች።

ወንድሜ ይህን አየ። ከዚያ ስልኬን ተቀበለኝ። የማለዳዋን ፎቶ ፈልጎ አወጣት፦ ሰደርያው፣ ቀይ ዘንጉ፣ ሁለቱ የተነሱ እጆች። «አምስት ዓመት ደብቄ ምን አተረፍኩ?» አለና ላካት። ኔትወርኩ ይንፏቀቃል፤ 100,000 ስልክ አንድ ላይ! ያቺ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ሁለታችንም ጨዋታውን ትተን እሷን እናያለን። ሄደች።

ባለሜዳው አሸነፈ። ሲያልቅ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ዘመረ፤ ወንድሜ በአንድ ወገን ሽማግሌው፣ በሌላው እኔ። ከ1954 ጀምሮ ድል በተገኘ ቁጥር የሚደወለው ደወል ከማማው ተደወለ። ወንድሜ ሰደርያውን መልሶ ለበሰ፤ የገባው መኪና ሁሉ ሊወጣ ነው።

መልሱ የመጣው ያኔ ነው፣ በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ። ልጅቷ አልተኛችም ኖሯል። «አባዬም እጁን አነሳ! አባዬም ወያላ ነው!» ድምፁ በደስታ ተሰባብሯል። ከበስተጀርባ የእናታችን ድምፅ ይሰማል፦ «እስቲ ጠይቂው፣ ያ ሰደርያ ያሞቃል ወይ?»

የፈራው ሁሉ ይኸው ነበር። ለልጁ ወያላ መሆን ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ለእናቱ ብርዱ ነው የከነከናት። ሚስቱ ግን ያን ማታ አልተናገረችም። እሁድ ደወለች። «ለምን አልነገርከኝም?» ስትል ሰማሁና ከክፍሉ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት አወሩ። የተባባሉትን አልጠየቅሁም። ስመለስ ግን ወንድሜ ወያላውን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አቁሞ ሽሮ ይሠራ ነበር።

ልመጣ ስል ወያላውን ጠቅልዬ ሻንጣ ልከተው ነበር፤ ባለቤቲቱ ከለከለች። «እዛው ይቆይ። ቦታ ይያዝልኝ።» ወረቀቱ ዛሬም ተራ እየጠበቀ ነው። ወያላውም መስኮቱ ላይ እጁን እንዳነሳ ነው፤ አንድ ሰው ቀርቶታል።

ለመንገደኞች

ወገኖቼ፣ ነገ እናንተም ትሄዱ ይሆናል። ዱባይም ይሁን ቤሩት፣ ሐዋሳም ይሁን ኮሎምበስ፣ ይህቺን ያዙ፦

አንደኛ፣ አሻንጉሊቱ አዲስ አይሁን። የቀሪው ሰው የራሱ ይሁን፣ ኪስ ይግባ። ጠመንጃ የያዘ አሻንጉሊት ግን ኤርፖርትም ስታዲየምም ጣጣ ያመጣልና ይቅርባችሁ።

ሁለተኛ፣ ሐውልትና ፎቅ ብቻ አታንሱ። ትራስ፣ ድስት፣ ቁልፍ፣ ፌርማታ አንሱ። ቀሪ ሰው የሚናፍቀው እሱን ነው።

ሦስተኛ፣ ሰው ከገባበት አስፈቅዱ። የሰው ልጅ ፊት ሳይጠየቅ አይላክም። የወንድማችሁም ቢሆን!

አራተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጥያቄ ቢመጣ መልሱ። የልጅ ጥያቄ ደግሞ በተለይ አይታለፍ።

አምስተኛ፣ ሰዓቱን አስሉ። ኮሎምበስ በጥቅምት ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ የፈረንጆቹ ኖቬምበር ሲገባ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 8 ይሆናል። ልጅ አታስመሹ፤ ጨዋታ ካለ ግን ይሁን።

ስድስተኛ፣ ዓይን አፋር የሆነ ሰው እንግዳ አገር ውስጥ ከማንም ጋር ሳያወራ ይከርማል። አሻንጉሊቱን ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ሰዉ ራሱ መጥቶ «ማነው ይሄ?» ይላችኋል። መልሱን ግን እውነት አድርጉት።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ፣ ከተደገፋችሁት መኪና ዘወር በሉና የቆማችሁበትን አሳዩን። የሚያፍርባችሁ ሰው እናንተ እንደምታስቡት ብዙ አይደለም። ብርድ እንዳይመታችሁ የሚጨነቀው ግን ብዙ ነው።

እስከሚቀጥለው ቸር ሰንብቱ!